ወደፊት ሄደው የተመለሱት ነጋድራስ

ስለ ጊዜ ጉዞ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፊልም ነው። እኛ አበሾች ደግሞ ቦሌ ስንደርስ ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት እንሆናለን እያልን እንቀልዳለን። ያለ ማሽን ወደፊት ሄዶ ያየውን ይዞ የተመለሰ ሰው ጥቀሺ ብባል ግን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን እጠራለሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ገብረ ሕይወት በ1886 አድዋ ተወለዱ። አባታቸው የአጼ ዮሐንስ ሰው ነበሩ፤ በ1889 መተማ ላይ ሞቱ። ዘመኑ ክፉ ቀን የምንለው ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ረኃብ አገሩን ባዶ እያደረገው ነበር። ሕፃኑ ከዘመዶቻቸው ጋር ወደ ኤርትራ ተሰደው ምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ወደብ ላይ የቆመች የጀርመን መርከብ ለማየት ወጡ። ጓደኞቻቸው ሲወርዱ እሳቸው ተደብቀው ቀሩ ይባላል። መርከቧም ይዛቸው ሄደች። አውሮፓ ሲደርሱ አንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ተቀብሎ እንደ ልጁ አሳደጋቸው። ጀርመንኛ ተምረው በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እስከ ማጥናት ደረሱ።

እስቲ አስቡት። በበሬ ከሚታረስ፣ ሰው በረኃብ ከሚያልቅበት አገር ተነስተው ፋብሪካና ባቡር፣ ሆስፒታልና ጋዜጣ ካለበት ከተማ ገቡ። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ ሁሉ ገና የሚመጣ ዘመን ነበር። እሳቸው ግን ኖሩበት። ከዚያ ደግሞ ተመለሱ። በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስተርጓሚ ሆነው ሠሩ። ቆይተው በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ምክንያት ሱዳን ተሰደዱ።

በ1912 አጼ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው አስመራ ታተመ። በዚያ ለወጣቱ ልጅ ኢያሱ ብዙ ምክር ሰጥተዋል፦ የንጉሡ ንብረትና የመንግሥት ንብረት ይለያይ፣ ግብሩ በልክ ይወሰን፣ ሕግ ይጻፍ፣ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ ሰው በሃይማኖቱ አይበደል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ነጻነቱን ይዞ ሊቆይ እንደማይችልም አስጠንቅቀዋል። ጃፓንን በምሳሌነት አነሱ። አድዋ ገና የ16 ዓመት ትዝታ ነበርና እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ለብዙ ጆሮ የሚጥም አልነበረም።

በኋላ አገር ቤት ተመልሰው በባቡር ሥራ ከዚያም በድሬዳዋ ጉምሩክ ተሾሙ። ነጋድራስ የተባሉትም በዚህ ነው። ድሬዳዋ የባቡሩ ከተማ ናት፤ የሚወጣውም የሚገባውም ዕቃ በፊታቸው ያልፋል። ቆዳና ቡና ይወጣል፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይገባል። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ይህን ተነተኑት። የሀብት ምንጭ ሥራና ዕውቀት ነው፤ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን በሌሎች የጥቂት ሰዓት ሥራ ይለውጣል፤ ንግዱ በሰፋ ቁጥርም ጥገኝነቱ ይሰፋል አሉ። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ተመሳሳይ ሐሳብ አንስቶ ዓለምን ያነጋገረው በ1950 ነው።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ እዚህ ፎርድስበርግ፣ ሱቅ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ቡና የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ሌላ አገር የተቆላና የታሸገ ፓኬት መደርደሪያ ላይ አለ። እናቴ ዋጋውን አይታ ትስቅና ከአገር ቤት የመጣላትን ጥሬ ቡና ራሷ ትቆላለች። ገበሬው ከዚያ ፓኬት ምን ያህል ይደርሰዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ሳያውቀው የነጋድራስን ጥያቄ እየጠየቀ ነው።

ይህን ሁሉ ያዩት በትንቢት አይደለም። ነርሲንግ ስማር በመጀመሪያ ከገቡኝ ነገሮች አንዱ ቻርት ነው። የበሽተኛው አተነፋፈስ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ከሄደ፣ ራሱ ደህና ነኝ ቢልም፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሊወድቅ እንደሚችል እናውቃለን። ቁጥሩን መዝግበን፣ ከትናንቱ ጋር አስተያይተን ሐኪም እንጠራለን። ነጋድራስም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሽተኛዋ አገራቸው ነበረች፤ የተጠራው ግን ቶሎ አልመጣም።

ራሳቸውን የጣላቸው ደግሞ እውነተኛ በሽታ ነው። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በአገራችን የኅዳር በሽታ ተባለ። እዚህ ደቡብ አፍሪካም በጥቂት ሳምንታት 300 ሺህ ገደማ ሰው ገድሏል፤ የጆሃንስበርግ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ቀድመው ከተያዙት መካከል ነበሩ። ገብረ ሕይወት በ1919 በዚሁ ወረርሽኝ ሞቱ፤ ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። መጽሐፋቸው የታተመው በ1924 ነው፤ አላዩትም። በ1935 ጣሊያን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ሲመጣ የ1912ቱ ማስጠንቀቂያ 23 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኛ ውጭ ያደግን ልጆች ብዙ ጊዜ ትመለሳላችሁ ወይስ አትመለሱም ተብለን እንጠየቃለን። የነጋድራስን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ጥያቄው ትንሽ የጎደለው መሰለኝ። እሳቸው የተመለሱት ሻንጣ ብቻ ይዘው አይደለም፤ ያዩትን በአማርኛ፣ አገር ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ጽፈው አስቀመጡ። ሰሚ ባይኖርም ጽሑፉ ቆየ። እኛም የትም እንኑር፣ እዚህ ያየነውን ለሚያስፈልገው ሰው በሚገባው ቋንቋ እያደረስን ነው ወይ? ለእኔ መልሱ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማርኩትን ለእናቴና ለጓደኞቿ በአማርኛ ማስረዳት ከመቻል ነው። አማርኛ ማንበብ ለሚከብዳችሁ፣ ሁለተኛው መጽሐፍ በ1995 በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል። አጭር ነው፤ ከፈተና በኋላ አንብቡት።