ይድነቃቸው ተሰማና የካርቱሙ ውሳኔ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫውተው፣ ኋላም የኢትዮጵያን እግር ኳስ መሩ።

በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ፣ ከአራቱ መሥራች አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም አለች። እርስዋ ከቀረች ውድድሩ በሁለት ጨዋታ ብቻ ያልቃል። አቶ ይድነቃቸውና የግብፅ፣ የሱዳን ባልደረቦቻቸው ግን የበዓሉን ማነስ እንጂ የዘር ልዩነትን አልተቀበሉም።

ተጋጣሚዋ የቀረባት ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች። በ1954 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ አስተናጋጅ ስትሆን፣ አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በዚያው አቋም ጸኑ። ለወጣት ሹም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ድግስ ቢያንስ ያልፋል፣ የተሸጠ ክብር ግን አይመለስም።