ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የሕመም ቋንቋ

የማኅበራችን የዓመት መጽሔት አዘጋጆች ስለ ነርቭ፣ ስለ ዓይንና ስለ ጆሮ የሕክምና ቃላት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የቃላት ዝርዝር ከማሰናዳት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ብተርክ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል ብዬ አሰብሁ። ሰውየው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ወደ እርሳቸው የመለሰኝ ግን በወጣትነቴ ከሊማሊሞ ማዶ በዛሪማ ቆላ ስሠራ ያጋጠመኝ ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ላውሳ።

አንድ ገበሬ ክርኑን ይዞ መጣና ሥሩ እንዳበጠ፣ ትንሿ ጣቱም እንደ ደነዘዘች ነገረኝ። በአማርኛችን ሥር ሲባል የደም ቧንቧም፣ ጅማትም፣ ነርቭም ሊሆን ይችላል። እኔ በሥራ ብዛት የተወጠረ ጅማት ነው ብዬ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘሁት። በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተው ነበር። በሽታው የሥጋ ደዌ ነበረ፤ ያበጠውም በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ነበረ። ሰውየው ሕመሙን በትክክል ነግሮኛል፤ ቃሉን ያልተረዳሁት እኔ ነኝ። የአገሬው ተወላጅ ሆኜ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ እየሰማሁ ይህን ያህል ከሳትሁ፣ ያለ ቋንቋ ወደ አገሩ የተመለሰው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እንዴት ሆኖ ሠራ? ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ አራት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙትን ልጅ ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ይዟቸው ወደ ሕንድ ሄደ። እርሱ ሲሞት ደግሞ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስማቸው ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዎች የተውጣጣ ነው። እናት የሰጠችው ስምና እናት ያስተማረችው ቋንቋ አብረው ጠፉ።

በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን በ1874 ዓ.ም. ፈጸሙ፤ ቆይተውም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ተጨማሪ የሙያ ማረጋገጫ አገኙ። ከዚያ በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ። የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የአካል ክፍሎችን ስም የያዙት ከላቲንና ከግሪክ በመጣው አጠራር ነው። በሽተኞቻቸው ግን ሕንዶችና በርማውያን ነበሩ። ስለዚህ የመማሪያው ቋንቋና የመኝታ ክፍሉ ቋንቋ የተለያዩ መሆናቸው ለእርሳቸው እንግዳ ነገር አልነበረም።

ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1891 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአካላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ዘመዶቻቸው ለዩዋቸው፤ ወርቅነህ መባላቸውንም ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ያለ ክፍያ ያክሙ ጀመር። አማርኛ ግን አያውቁም ነበርና አስተርጓሚ ግድ ሆነባቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቁስልና ስብራት ለዓይን ይታያል፤ አስተርጓሚው ቢሳሳት እንኳ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ያርመዋል። መደንዘዝ፣ መጠዝጠዝ፣ የጆሮ ጩኸት፣ የዓይን ብዥታ ግን ከበሽተኛው አንደበት በቀር ምስክር የላቸውም። ራሱ የሚዞርበት ሰው ስለ ጆሮው ምንም አያነሣም፤ የሚዛናችን ጠባቂ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ መሆኑን ማን ነግሮት? አስተርጓሚውም ራሱን ያመዋል ብሎ ያሳጥረዋል፤ ሐኪሙም የራስ ምታት መድኃኒት ያዛል።

የአማርኛ ቃላት ድሆች ነበሩ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ለዓይን ያለን ሀብት ያስደንቃል። ቅንድብ፣ ሽፋሽፍት፣ ቆብና ብሌን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም አላቸው። ብሌንን ግእዙ ብንተ ዓይን ይለዋል፤ ብንት በዐረብኛ ሴት ልጅ ከሚባለው ቃል ጋር ዘመድ መሆኑን ሊቃውንት ያወሳሉ። ግሪኮችና ሮማውያንም ያንኑ ጥቁር ነጥብ በትንሽ ልጃገረድ ስም ጠርተውታል፤ በሰው ብሌን ውስጥ የምትታየው ትንሽ የራስ ምስል ናት ምክንያቷ። የዓይን ሞራንም ተመልከቱ፤ ዐረቦች በዓይን ውስጥ የወረደ ውኃ ሲሉት፣ ላቲኑ ፏፏቴ ሲለው፣ የእኛ ሰው ያየው የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ላይ የሚገኘውን ነጭ ሞራ ነው። በእኔ ግምት ከሦስቱ ስሞች ለበሽታው መልክ የሚቀርበው የእኛው ነው። በጆሮም እንዲሁ ነው፤ ታምቡሩን እንደ ውጭዎቹ ሁሉ በከበሮ መስለነዋል፤ ከጀርባው ያሉትን ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ብንላቸው የጎንደር አንጥረኛም ፈረሰኛም ወዲያው ይገባዋል።

ችግሩ የከበደው በነርቭ ላይ ነው። አንጎል፣ ናላ፣ ኅብለ ሰረሰር አለን፤ ከእነርሱ ወጥቶ በአካል ሁሉ የሚዘረጋው ክር ግን የብቻው ስም አልነበረውም። ሥር ወይም ጅማት ውስጥ ተደብቆ ኖረ። ለዚህ ደግሞ ማፈር አይገባንም፤ ኒውሮን የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ ቀድሞ ጅማትና የቀስት አውታር ማለት ነበርና። ነርቭን ከጅማት ለይቶ ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ሄሮፊሎስ ነው፤ ያም አስከሬን ሰንጥቆ በማየት እንጂ በቃላት ክርክር አይደለም።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው ሠርተው፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ዳግመኛ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያው ዘመን፣ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዐፄ ምኒልክን የጣለው ደዌ አካላቸውን ሽባ አደረገ፤ አንደበታቸውንም ዘጋ። ዛሬ ስትሮክ የምንለው የአንጎል የደም ቧንቧ ሕመም ነው። ያን ጊዜ ግን በሽታውን ለሕዝብ የሚያስረዳ የጋራ ስም ስላልነበረ ቦታውን ወሬ ሞላው፤ መርዝ ነው የሚለው ሐሜትም ተዛመተ።

ከ1911 ዓ.ም. በኋላ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በአማርኛ የዓለም ጂዎግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ። እንደ ሕፃን የተነጠቁትን ቋንቋ እንደ ጎልማሳ ተምረው መጽሐፍ የጻፉበት ሰው መሆናቸው ከሹመታቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ምነው መጀመሪያ የጻፉት የምድርን ሳይሆን የሰውን አካል ካርታ በሆነ እያልሁ እቆጫለሁ፤ ግን ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ለተማሪው የሚያስፈልገውን ያስቀድማል፤ አይፈረድባቸውም።

በ1922 ዓ.ም. ጨርጨርን እንዲገዙ ተሾሙ፤ በጠላት ወረራ ዋዜማም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ተሟገቱ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ቤንያምንና ዮሴፍ የተባሉትን ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ፋሺስቶች ገደሉባቸው። እርሳቸው በ1934 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው፣ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በ1947 ዓ.ም. በትውልድ ከተማቸው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ተምረው ወደ ወገራ፣ ወደ ስሜን፣ ወደ ዛሪማም ወረዱ፤ በሽተኛውም በአማርኛ ይጠብቃቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፤ ነርቭ የሚለው የውጭ ቃልም በከተማው ሰው አፍ ገብቷል፤ ምንም እንኳ ብዙው ሰው ነርቭ ያመኛል ሲል ጭንቀቱን ማለቱ ቢሆንም። በቆላው ግን ዛሬም የሚሰማው ሥር ነው። እኔም ሥሬን ያለኝን ሰው ሁሉ እጄን ክርኑ ላይ አሳርፌ፣ ቀጥሎም ጉልበቱን በጎን በኩል ዳስሼ፣ ይደነዝዛል ወይስ ያምማል ብዬ ሁለቱን ለይቼ እጠይቀዋለሁ።