የጴጥሮስ ማዕድ

አንባቢ ሆይ፥ በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ አኙዋኩ፥ ኑዌሩና ደገኛው በአንድነት ከዘመሩ በኋላ ለምግብ በየወገናቸው ሲለያዩ አይተህ ይሆናል። የሐዋርያው የጴጥሮስን ነገር ስማ። ይህ የገሊላ ዓሣ አጥማጅ ከአሕዛብ ጋር መብላትን እንደ ርኵሰት ቈጥሮ ያደገ አይሁዳዊ ነበረ። ራእይ ካየ በኋላ ግን በቂሣርያ ወደ መቶ አለቃው ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ገባ፤ ያልተገረዙትም መንፈስ ቅዱስን ሲቀበሉ አይቶ እንዲጠመቁ አዘዘ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ49 ዓመት ግድም በኢየሩሳሌም ጉባኤ ስለ እነርሱ ተከራከረ። ይኸው ሰው በአንጾኪያ ከአሕዛብ ምእመናን ጋር ሲበላ ሳለ፥ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ቢመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ፤ በርናባስ እንኳ ተከተለው። ትምህርቱን አልለወጠም፤ መቀመጫውን ብቻ ለወጠ። ጳውሎስ ግን ይህን ታላቅ በደል አድርጎ ቈጠረው፥ በሁሉም ፊት ገሠጸው። አበው እንደ ነገሩን ጴጥሮስ በኔሮን ዘመን በሮም፥ በአሕዛብ ከተማ፥ ስለ ክርስቶስ ሞተ።