ታዋቂ ሰዎችን እንወቅ፦ ተረት ሰብሳቢው ዊልሄልም ግሪም

የዛሬውን ሰው ስሙን ባታውቁት እንኳ ተረቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። የሲንድሬላን ተረት ያልሰማ ማን አለ? ይህንንና ሌሎች ብዙ ተረቶችን ሰብስበው በመጽሐፍ ያሳተሙት ሁለት ጀርመናዊ ወንድማማቾች፣ ጃኮብና ዊልሄልም ግሪም ናቸው። እኛ የምንነግራችሁ ስለ ታናሹ ስለ ዊልሄልም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልሄልም በ1786 ሃናው በምትባል ከተማ ተወለደ። ጃኮብ በአንድ ዓመት ብቻ ስለሚበልጠው እንደ መንታ ነው ያደጉት። አባታቸው የሕግ ሰው ስለነበር ኑሯቸው ደህና ነበር። ግን በ1796 አባታቸው ሞተ። ዊልሄልም ያኔ ገና 9 ዓመቱ ነው። እናታቸው ስድስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ቤተሰቡም ተቸገረ። ሁለቱ ወንድማማቾች አክስታቸው እየረዳቻቸው ተማሩ፤ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግ አጠኑ።

ዊልሄልም አስምና የልብ ሕመም ነበረበት። ቢሆንም ሥራውን አልተወም። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሰው በቃል የሚያወራውን ተረት ሳይጠፋ መጻፍ ጀመረ። ብዙ ተረት የነገሯቸው ሴቶች ናቸው። አንዷ ዶሮቴያ ፊማን የምትባል የልብስ ሰፊ ሚስት ነበረች፤ አትክልት ልትሸጥ ወደ ከተማ ስትመጣ ትነግራቸዋለች፣ እነሱም ይጽፋሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1812፣ ሁለተኛው በ1815 ታተመ።

በ1837 በወጣው እትም ውስጥ ዊልሄልም ያሰናዳው አንድ ቆንጆ ተረት አለ። አንዲት ድሃ እናት ባሏ የሞተባት ነበረች። ሁለት ሴት ልጆቿን በደጇ ባሉት ነጭና ቀይ የጽጌረዳ ዛፎች ስም ሰየመቻቸው። አንድ የክረምት ማታ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱት ትልቅ ጥቁር ድብ! ልጆቹ በጣም ደነገጡ። እናታቸው ግን ብርድ እንዳሰቃየው አይታ አስገባችው። ልጆቹም በረዶውን ከላዩ ላይ በመጥረጊያ አራገፉለት፤ እሳት ዳር ተኛ። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ እየመጣ አብሯቸው ተጫወተ። በኋላ አንድ ጢማም ድንክ ችግር ላይ ወድቆ ሲያገኙት ሦስት ጊዜ አዳኑት፤ እሱ ግን ሰደባቸው። መጨረሻ ላይ ድቡ መጥቶ ድንኩን ሲገድለው ቆዳው ወለቀና የንጉሥ ልጅ ሆነ። ለካ ሀብቱን ሰርቆ ድብ ያደረገው ያ ድንክ ነው!

ልብ በሉ፣ ልጆቹ በሩን የከፈቱት ለንጉሥ ልጅ አይደለም። ለበረደው እንስሳ ነው። እኛ ሀገር ድብ የለም፤ ጎረቤታችን ሐረር ግን ሰዎች ጅብ በእጃቸው ያበላሉ። ጅቡ ወደ ንጉሥነት አይለወጥም፤ ግን ያበሉታል። አቦ፣ ደግነት ማለት ይኼ ነው!

የሚገርመው፣ በዚያው በ1837 ዊልሄልም ራሱ ደጅ ቀረ። ከወንድሙ ጋር ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። አዲሱ ንጉሥ የሀገሩን ሕገ መንግሥት ሲሽር ሰባት መምህራን ተቃወሙ፤ ሰባቱም ተባረሩ። ዊልሄልም ሚስትና ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሩት። ቢሆንም ቃሉን አላጠፈም። ከጥቂት ዓመት በኋላ የፕሩሺያ ንጉሥ ወደ በርሊን ጠራቸውና በ1841 እዚያ ገቡ።

ወንድማማቾቹ ትልቅ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላትም ጀምረው ነበር። ዊልሄልም በ1859 በ73 ዓመቱ ሲሞት ገና አራተኛው ፊደል ላይ ነበር። ጃኮብም በ1863 ሞተ። ሌሎች ሰዎች እየተቀባበሉት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶ አለቀ።

ልጆች፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ የሚነገር ስንት ተረት አለ! ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን አንድ ተረት ጠይቁና ጽፋችሁ ወደ ክበባችን አምጡ። ካልጻፍነው ይጠፋል።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!