ንጉሥ ነጃሺ፤ ሁለቱንም ወገን የሰሙ ዳኛ

 

በአገራችን የንጉሥ ነጃሺን ስም የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ የለም። ብዙ ጊዜ ለልጆቻችን የምንተርከው ግን እንግዳ ተቀባይነታቸውን ብቻ ነው። እንግዳ መቀበል ትልቅ ነገር ነው። ከሳሽና ተከሳሽን አቁሞ፣ የራስን ጥቅም ወደ ጎን ትቶ መፍረድ ግን ከዚያ ይከብዳል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦቻቸውን ወደ ሐበሻ ሲልኩ የነገሯቸው ስለ ንጉሡ ሀብት አልነበረም፤ እርሳቸው ዘንድ ማንም ሰው እንደማይበደል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ንጉሡን በዳኝነታቸው በኩል እንያቸው።

የተሸጠው ልጅ

የንጉሡ ስም አስሐማ ነው፤ ነጃሺ የሐበሻ ነገሥታት ማዕረግ ነበር። የልጅነት ታሪካቸውን ያቆዩልን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናቸው። ከእርሳቸው የእህታቸው ልጅ ዑርዋ ኢብን ዙበይር ሰምተው አስተላልፈዋል፤ ኢብን ኢስሓቅም በሲራቸው መዝግበውታል።

የአስሐማ አባት ንጉሥ ነበሩ፤ ከእርሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። የንጉሡ ወንድም ግን 12 ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው መከሩ። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ንጉሥ ከሚገዛን 12 ልጆች ያሉት ወንድሙ ቢነግሥ ዙፋኑ ለረጅም ዘመን ወራሽ አያጣም ብለው አሰቡ። በዚህ ስሌት ንጉሡን ገደሏቸውና ወንድማቸውን አነገሡ።

ልጁ በአጎቱ ቤት አደገ። ብልህና ቁም ነገረኛ ስለነበር አጎቱ ያለ እርሱ ምክር የሚሠሩት ነገር እስከማይኖር ድረስ አቀረቡት። ይህን ያዩ ገዳዮች ፍርሃት ገባቸው። ነገ ይህ ልጅ ቢነግሥ የአባቱን ደም ከእጃችን ይፈልጋል ብለው፣ እንዲገደል ወይም ከአገር እንዲወጣ አጎቱን ወጥረው ያዙ። አጎቱ ትናንት አባቱን ገድለው ዛሬ ልጁን መድገም ከበዳቸው፤ ማስወጣቱን መረጡ። ልጁ ገበያ ወጥቶ ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ተሸጠ። ነጋዴውም በመርከብ ጭኖት ሄደ።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ሰማዩ ደመነ። አጎቱ ዝናብ ሽተው ወደ ውጭ ሲወጡ መብረቅ መታቸውና ሞቱ። ሰዎቹ ወደ 12ቱ ልጆች ቢዞሩ ለመንግሥት የሚበቃ አንድም አላገኙም። ነገሩ ሲመሰቃቀልባቸው ራሳቸው ያስሸጡትን ልጅ ፍለጋ ሮጡ። ነጋዴው ላይ ደርሰው ልጁን ነጠቁትና አምጥተው ዘውድ ደፉለት።

የመጀመሪያው ፍርድ

ነጋዴው ባዶ እጁን ቀረ። ገንዘቡን ቢጠይቅ የሚመልስለት አጣ። በመጨረሻ ጉዳዩን ለንጉሡ እንደሚያቀርብ ተናገረና ገብቶ ከአዲሱ ንጉሥ ፊት ተቀመጠ። ከገበያ ባሪያ መግዛቱን፣ ዋጋውን ቆጥሮ መክፈሉን፣ ይዞ ሲሄድ ደርሰው እንደነጠቁትና ገንዘቡንም እንደከለከሉት አስረዳ።

እስኪ ይህን ችሎት በዓይነ ኅሊናችን እንየው። የክርክሩ መነሻ የሆነው የተሸጠ ሰው ዳኛው ራሳቸው ናቸው። ተከሳሾቹ ደግሞ ገና ዛሬ ያነገሷቸው፣ ነገም ሊያወርዷቸው የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ነጋዴው ባዕድና ብቸኛ ነው፤ ቢያባርሩት የሚጠይቃቸው አልነበረም። በዚያ ላይ ራሳቸው የተበደሉ ናቸው፤ ተገፍተው የተሸጡት እርሳቸው ናቸው።

ነጃሺ ግን የራሳቸውን በደል ከነጋዴው ጉዳይ ጋር አልቀላቀሉም። የነጋዴው ነገር ግልጽ ነበር፤ ከፍሏል፣ የከፈለበትንም ተነጥቋል። ወይ ገንዘቡ ይመለስለት፣ ወይ ባሪያው እጁን በነጋዴው እጅ ላይ አኑሮ ወደሚወስደው ይሂድ ብለው ፈረዱ። ካልከፈላችሁ ከዙፋኔ ወርጄ እከተለዋለሁ ማለታቸው ነበር። ገንዘቡም ተከፈለ። እናታችን ዓኢሻ እንዳስተላለፉት የነጃሺ ጽናትና ፍትሕ መጀመሪያ የታወቀው በዚህ ፍርድ ነው።

አበው በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ታንገበግባለች ይላሉ። ያ ነጋዴ ጭብጦውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ባሕር የተሻገሩት ስደተኞች

ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ615፣ ነቢይነት በመጣ በ5ኛው ዓመት፣ የመካ ሙስሊሞች ግርፋቱና ስቃዩ ሲበዛባቸው የመጀመሪያዎቹ ተሰዳጆች ወደ ሐበሻ ተነሡ። ከእነርሱም መካከል ዑስማን ኢብን ዐፋንና የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) ነበሩ። በድብቅ ወደ ሹዐይባ ወደብ ወርደው ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች እስከ ባሕሩ ዳር ቢከተሏቸውም አልደረሱባቸውም። ኋላም ሌሎች ተከትለው የስደተኞቹ ቁጥር ከ80 ወንዶች በላይ ሆነ፤ ከእነርሱም ጋር ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ሁለት ብልህ ሰዎች ላኩ፤ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን። ሁለቱም ኋላ እስልምናን ተቀብለዋል፤ ያን ጊዜ ግን የከሳሽ ጠበቆች ነበሩ። ነጃሺ የመካን ቆዳ እንደሚወዱ ያውቁ ስለነበር ምርጥ ምርጡን ሰብስበው መጡ። በቀጥታ ወደ ንጉሡ ግን አልገቡም። አስቀድመው በየሹማምንቱና በየቀሳውስቱ ቤት ዞረው ለእያንዳንዱ ስጦታ ሰጡ። ጉዳዩ በቀረበ ጊዜ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያናግሩ አሳልፈው እንዲሰጡ ምከሩልን ብለው ተማጸኑ። ከሁሉ በላይ የፈሩት ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል እንዳይሰሙ ነበር።

በችሎቱ ዕለትም የሆነው እንደታሰበው ነው። መልእክተኞቹ አቤቱታቸውን አቀረቡ፤ ሹማምንቱም እነዚህን የሚያውቋቸው ወገኖቻቸው ናቸው፣ ይሰጧቸው ብለው በአንድ ድምፅ ደገፉ። ነጃሺ ተቆጡ። ከሌላው ሁሉ እርሳቸውን መርጠው፣ ከጥላቸው ሥር የገቡ ሰዎችን ሳይጠይቁ እንደማይሰጡ ማሉ። ተከሳሾቹም እንዲጠሩ አዘዙ።

በሌላ ዘገባ ንጉሡ መልእክተኞቹን ጠይቀዋቸዋል። እነዚህ ሰዎች ባሮቻችሁ ናቸው ወይ? አይደሉም። ዕዳ አለባችሁ ወይ? የለብንም። እንግዲያስ በምን መብት ትወስዷቸዋላችሁ የሚል ነበር ነገሩ። ሰው ተላልፎ ይሰጥ ሲባል ዛሬም ዳኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚያ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ስለ ወገኖቻቸው ቆሙ። ጣዖት ማምለካቸውን፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ የነበረበትን ዘመን፣ ከዚያም ነቢዩ ወደ አንድ አምላክ፣ ወደ እውነት፣ አደራን ወደ መመለስና ዝምድናን ወደ መቀጠል መጥራታቸውን፣ በዚህም ሰበብ የደረሰባቸውን ስቃይ ዘረዘሩ። ንጉሡ ከወረደላቸው ነገር እንዲያሰሟቸው ጠየቁ፤ ጃዕፈርም ከሱረቱ መርየም መግቢያ ቀሩ። ነጃሺ ጺማቸው እስኪርስ አለቀሱ፤ ቀሳውስቱም የያዙት መጽሐፍ እስኪርስ አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን ይጠይቋቸው ብለው ሌላ ክስ አነሡ። ስደተኞቹ ሌሊቱን ተጨንቀው ቢያድሩም እውነቱን ከመናገር ሌላ አማራጭ አልያዙም፤ ጃዕፈር ሳይሸፋፍኑ መለሱ። ንጉሡ ከመሬት እንጨት አንሥተው ዒሳ ከተባለው የዚህን ያህል እንኳ እንደማይርቁ ገለጹ። ሹማምንቱ አጉረመረሙ፤ ፍርዱ ግን አልተለወጠም።

ፍርዱ ሦስት ነገር ነበረው። ስደተኞቹ ተላልፈው አይሰጡም፤ በአገሩ በሰላም ይኖራሉ። እነርሱን የሰደበ መቀጮ ይከፍላል፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። የመልእክተኞቹ ስጦታ ይመለሳል። ከእነርሱ አንዱን ጎድቼ የወርቅ ተራራ ባገኝ አልወድም ማለታቸውም ተዘግቧል። ዐረብ ተራኪዎቹ እዚህ ላይ ደብር የምትለዋን የሐበሻ ቃል እንዳለች አቆይተው፣ ትርጉሟ ተራራ ነው ብለው ለአንባቢዎቻቸው አስረድተዋል። ግዕዝ የሚያውቅ አገራችን ሰው ቃሏን ወዲያው ይለያታል።

ስጦታውን ሲመልሱ ምክንያታቸው አላህ ንግሥናዬን ሲመልስልኝ ጉቦ አልወሰደብኝም፣ እኔስ ስለምን እወስዳለሁ የሚል ነበር። ዑርዋ የልጅነት ታሪካቸውን የተረኩት ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዱ ነው። በ600 ዲርሃም የተሸጠ ልጅ፣ አገር አልባ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ሌሎችን በቆዳ አልሸጠም።

የፍርዱ ዋጋ

ፍርዱ በነጻ አልመጣም። ከሕዝባቸው የተነሡባቸው ነበሩ፤ ሃይማኖታችንን ትተሃል አሏቸው። በዘገባው እንደምናነበው ንጉሡ ለስደተኞቹ መርከቦች አዘጋጁላቸው፤ እርሳቸው ቢሸነፉ ወደሚፈልጉበት እንዲሄዱ፣ ቢያሸንፉ እንዲቆዩ ነገሯቸው። ዙፋናቸው ሲናወጥ እንኳ ያሰቡት በአደራ ስለያዟቸው ሰዎች ነበር። ሌላ ባላንጣ በተነሣ ጊዜም ሙስሊሞቹ በዱዓ ቆሙላቸው። ወጣቱ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም በተነፋ አቁማዳ ዐባይን ዋኝተው ተሻገሩ፤ ንጉሡ ማሸነፋቸውን አይተው በልብሳቸው እያውለበለቡ አበሠሩ።

እናታችን ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) በሐበሻ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጯቸው፣ ኒካሑን የፈጸሙላቸውና 400 ዲናር መህር ከራሳቸው የከፈሉት ነጃሺ ናቸው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈርና የቀሩት ስደተኞች በሁለት መርከብ ተሸኝተው ተመለሱ።

ነጃሺ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ አረፉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያው ዕለት መዲና ሆነው ሞታቸውን ነገሩ፤ ሰሃቦችን በሰልፍ አቁመው በአራት ተክቢራ ሰገዱባቸው። በሩቅ ላለ ሟች ስለሚሰገደው ሶላት ዑለማዎች ሲነጋገሩ እስከ ዛሬ የሚያነሡት ይህንኑ ነው። በትግራይ፣ በነጋሽ፣ ማረፊያቸው ነው የሚባለውን ስፍራ አማኞች ዛሬም ይዘይሩታል።

ለእኛ የቀረልን

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐልይን (ረ.ዐ) ለዳኝነት ወደ የመን ሲልኩ ሁለተኛውን ወገን ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ መክረዋቸዋል። ነጃሺ ይህን በችሎታቸው ፈጽመውት ነበር።

ዛሬ ያንን ባሕር የሚሻገሩት የእኛ ልጆች ናቸው። ስንት እናት በዚህ ረመዳን ፊጥራ ላይ ተቀምጣ በባዕድ አገር ዳኛ ፊት ለቆመ ልጇ ዱዓ ታደርጋለች። ለልጃችን የምንመኘውን ዳኛ እኛም ከቤታችን ለመጣው ባዕድ እንሁን። ሁላችንም ዙፋን የለንም፤ ችሎት ግን አለን። ሁለት ልጆች ሲጣሉ አባት ዳኛ ነው። ሠራተኛዋ በሌብነት ስትጠረጠር እመቤቲቱ ዳኛ ናት። ጎረቤት ሲካሰስ የተቀመጠ ሽማግሌ ዳኛ ነው። በፍርድ ቤት የሚመሰክር ሰውም የፍርዱ ተካፋይ ነው። ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ የነጋዴውን ታሪክ ንገሯቸው፤ በዚያ ዙፋን ላይ እነርሱ ቢሆኑ ምን ይፈርዱ እንደነበርም ጠይቋቸው።

አላህ ንጉሥ ነጃሺን ይዘንላቸው፤ እኛንም በራሳችን ላይም ቢሆን እውነት ከሚፈርዱት ያድርገን። አሚን።