ሩዶልፍ ዲዝል፦ ናፍጣንም የዘር ዘይትንም የተቀበለ ሞተር አባት

በምዕራብ ጎጃም ገጠር እህል የሚፈጩ በርካታ ወፍጮዎች፣ ማሳ የሚያርሱ ትራክተሮች እንዲሁም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ምርት ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ የጭነት መኪናዎች የሚሠሩት በናፍጣ ነው። የእነዚህን ሞተሮች መሠረት የጣለው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው።

ዲዝል እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1858 ከባቫሪያ ወላጆች በፓሪስ ተወለደ። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ እርሱ ግን ወደ አውግስበርግ ተልኮ በዘመዶቹ ቤት ትምህርቱን ቀጠለ። በሙኒክም የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቅ የነበረው የካርል ፎን ሊንደ ተማሪ ሆኖ በ1880 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

በዘመኑ የነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ከነዳጃቸው የሚገኘውን ኃይል አብዛኛውን ያባክኑ ነበር። ዲዝል ይህን ብክነት ለመቀነስ ተነሳ። አየር በኃይል ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ በጋለው አየር ውስጥ የሚረጭ ነዳጅም ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በዚህ ሐሳብ በ1893 የፈጠራ መብት አገኘ። ከብዙ ሙከራና ውድቀት በኋላም በ1897 የነዳጁን ኃይል 26 በመቶ ያህል ወደ ሥራ የሚለውጥ ሞተር በአውግስበርግ አስመሰከረ።

በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ተንቀሳቀሰ። ዲዝልም ቆይቶ ሙከራውን ራሱ ደገመው፤ በ1912ም የዕፅዋት ዘይት አንድ ቀን እንደ ፔትሮሊየም ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል አስረዳ። ይሁንና ርካሹ ፔትሮሊየም ገበያውን ያዘ። ዲዝልም ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ከመርከብ ላይ ጠፋ፤ የአሟሟቱም ምክንያት እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው።

የዲዝል ሐሳብ ዛሬ በአዲስ ምክንያት ተመልሷል። ተክል ሲያድግ ካርቦን ከአየር ይወስዳል፤ ስለዚህ በአግባቡ የተመረተ የባዮ ነዳጅ የከባቢ አየር ብክለትን ይቀንሳል። ናፍጣን ከውጭ ለምታስገባ ሀገራችን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ማዳኛ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ አውጥታለች። ከጎጃም በዓባይ ማዶ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ያመረተው ኤታኖልም በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር መጀመሪያ 5፣ ኋላም 10 በመቶ ተደባልቆ ጥቅም ላይ ውሏል።

ጥያቄው ነዳጁ ከምን ይገኝ የሚለው ነው። የጎጃም ኑግ የሰው ምግብ ነው፤ ለሞተር ቢውል የዘይት ዋጋ በየቤቱ ይንራል። የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ፣ ለምግብ የማይውለው ጉሎና ያገለገለ የምግብ ዘይት ግን ከማዕድ ጋር አይሻሙም። ይሁንና ጥሬ የዘር ዘይትን በዘመናዊ ሞተር ላይ በቀጥታ መጨመር አይገባም፤ ወፍራም በመሆኑ የነዳጅ መርጫውን ይደፍናል። ዘይቱ አስቀድሞ ከአልኮል ጋር ተዋህዶ ወደ ባዮዲዝል መለወጥ ይኖርበታል።