ጆን ፎን ኖይማንና የማከማቻ ደረጃዎች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው አቅጣጫ፣ ከረቡዕ ገበያ ባሻገር፣ የገጠር መንገድ ቅየሳ እናካሂድ በነበረበት ወቅት፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይዞት የነበረው ታብሌት ማከማቻው ሞልቶ ሥራ አቆመ። ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበርና፣ መሸጎጫ አጽዳ የሚለውን መንካት ሲገባው በአጠገቡ ያለውን ማከማቻ አጽዳ የሚለውን ነካ፤ መሣሪያው ማረጋገጫ ሲጠይቀውም ሳያነብ እሺ አለ። ወደ ቢሮ ገና ያልተላለፈ የሦስት ቀን የልኬት መዝገብ በቅጽበት ጠፋ። ያንኑ መንገድ እንደገና በእግር መሄድ ግድ ሆነ።

በዚያ በዳግመኛው ጉዞ ላይ ጸሐፊው ሲያሰላስል የነበረው፣ በአንድ መሣሪያ ውስጥ የሚጠፋና የማይጠፋ ማከማቻ ለምን ጎን ለጎን እንደ ተቀመጠ ነበር። መልሱን ሲፈልግ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ላይ ደረሰ፤ የማኅበራችንም አባላት ይህን ታሪክ ቢያውቁት መልካም ነው ብሎ ያምናል። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆን ፎን ኖይማን ዲሴምበር 28 ቀን 1903 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ የባንክ ሰው ነበር። ልጁ የስልክ ማውጫ ገጽ ጥቂት ተመልክቶ ስሙንና ቁጥሩን በቃሉ ይወጣው እንደ ነበር ይነገርለታል። በዋሸራና በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች የተማሩ ሊቃውንትን ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህ ብዙ የሚያስደንቅ ላይሆን ይችላል። አባቱ ግን ሒሳብ እንጀራ አያበላም የሚል ሥጋት ስለ ነበረው፣ ልጁ የኬሚካል ምህንድስናም እንዲማር ተስማሙ። በ1926 ከዙሪክ የምህንድስና ዲፕሎማውን፣ በዚያው ዓመት ከቡዳፔስት በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረጉን ተቀበለ። ስለዚህ በዲፕሎማው የሙያ ባልደረባችን ነው ብንል ድፍረት አይሆንብንም።

በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፕሪንስተን አስተማረ፤ ከ1933 ጀምሮም በዚያው ከተማ በከፍተኛ ጥናት ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሎስ አላሞስ ለአቶም ቦምብ ሥራ ስሌት ካበረከቱት አንዱ ነበር። በ1944 በጋ በአንድ የባቡር ጣቢያ ላይ ኸርማን ጎልድስታይን የተባለ የጦር መኮንን አግኝቶ፣ በፊላዴልፊያ ስለሚሠራው ስለ ኤኒያክ አጫወተው። ያ መሣሪያ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቫልቮች ሲኖሩት፣ በስሌት ክፍሎቹ ሊይዝ የሚችለው ግን ባለ አሥር አኃዝ የሆኑ 20 ቁጥሮችን ብቻ ነበር። ፎን ኖይማን በጁን 1945 በቀረበው ጽሑፉ፣ ትእዛዛትም እንደ ቁጥሮቹ በአንድ ማስታወሻ ክፍል እንዲቀመጡ የሚያደርገውን ንድፍ ገለጸ። ጽሑፉ የእሱን ስም ብቻ ይዞ በመሰራጨቱ፣ የኤኒያክ መሐንዲሶች ኤከርትና ሞክሊ ቅር ተሰኙ፤ በጸሐፊው አስተያየት ቅሬታቸው በቂ ምክንያት ነበረው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው የ1946ቱ ሥራ ነው። ፎን ኖይማን ከጎልድስታይንና ከአርተር በርክስ ጋር ሆኖ እንዳስረዳው፣ ወሰን የሌለውና በቅጽበት የሚደረስበት ማስታወሻ መመኘት ይቻላል፤ መሥራት ግን አይቻልም። ስለዚህ ማስታወሻው በደረጃ ይከፈል፤ ፈጣኑ ትንሽ፣ ሰፊው ደግሞ ዘገምተኛ ይሁን። የአገራችን ባለርስት ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ለዕለት የሚበላው በመሶብ፣ ለወራት የሚሆነው በቤት ውስጥ በጎታ፣ የዓመቱ እህል በውጭ በጎተራ ይቀመጣል። እንጀራ በፈለገ ቁጥር ጎተራ የሚከፍት የለም።

በተቋሙ የተሠራው መሣሪያ በ1952 ተመረቀ። ማስታወሻው እያንዳንዳቸው 1,024 ነጥብ የሚይዙ 40 የካቶድ ጨረር ቱቦዎች ሲሆኑ፣ ጠቅላላው ከ5 ኪሎባይት አይበልጥም ነበር። በቱቦው ፊት ላይ የተጻፈው የኤሌክትሪክ ነጥብ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚደበዝዝ፣ መሣሪያው ያለማቋረጥ መልሶ ይጽፈው ነበር። ባለ 32 ጊጋባይት ታብሌት ከዚያ ከስድስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ይሁን እንጂ ጮቄ ላይ ሞላ።

በ1965 እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ፣ ከዋናው ማስታወሻ የተቀዳውን በቅርብ የሚይዝ ትንሽ ፈጣን ክፍል እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። በ1968 አይቢኤም ለሽያጭ ባቀረበው መሣሪያ ላይ ካሽ የሚል ስም ወጣለት። ቃሉ በፈረንሳይኛ መደበቅን ያመለክታልና፣ መሸጎጫ ብለው የተረጎሙት ሰዎች ምርጫቸው ያማረ ነው።

በታብሌት ላይ የርቀቱ ዓይነት ይለያል። እዚያ መሸጎጫው በቋሚው ማከማቻ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ጎተራው ኢንተርኔት ነው፤ የተሸጎጠውም ምንጩ ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ስለ ሆነ ቢጠፋ ተመልሶ ይመጣል። የቴሌግራም ሥዕልና ቪዲዮ ብዙ ቦታ ከሚይዙት አንዱ ነው፤ ቢጸዳ መልእክቱ አይጠፋም፣ ሥዕሉም ሲያስፈልግ እንደገና ይወርዳል። የቅየሳ መዝገብ ግን እስኪላክ ድረስ ሌላ ቅጂ የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ መላክ፣ ቀጥሎ መሸጎጫን ማጽዳት፣ ማከማቻ አጽዳ የሚለውን ግን አለመንካት ይገባል። ካርታ የተሸጎጠበትንም ቢሆን ኔትወርክ በሌለበት ተራራ ላይ ማጽዳት አያዋጣም፤ ይህን ከተማ ሳሉ መጨረስ ነው።

ፎን ኖይማን በ1955 የአሜሪካ አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ስብሰባ ይገባ ነበር። ለየል ዩኒቨርሲቲ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ አንጎል ንግግር ያዘጋጅ ስለ ነበር፣ በሕመሙ መካከል ይጽፍ ጀመር። በዚያ ጽሑፍ አንጎል ምንም ነገር ፈጽሞ አይረሳም ብሎ ቢወሰድ፣ የሰው የ60 ዓመት ዕድሜ የሚጠይቀውን ማከማቻ አስልቶ፣ 28 ተጽፎ 19 ዜሮ የሚከተሉት የቢት ብዛት አገኘ።

ሕመሙ ወደ አንጎሉ በደረሰ ጊዜ ያ ሁሉን የሚይዝ አእምሮ ይከዳው ጀመር፤ ወዳጆቹም ይህን ማየት እጅግ እንደ ከበዳቸው ተርከዋል። ንግግሩን ሳያቀርብ፣ ጽሑፉንም ሳይጨርስ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957 በዋሽንግተን በ53 ዓመቱ ዐረፈ። መጽሐፉ እንዳለ በ1958 ታተመ። በዚያው ዓመት የፕሪንስተኑ መሣሪያ ሥራው ተቋርጦ፣ በኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ።